ፕሮጀክተር እንግዛ ወይስ መጽሐፍ እናባዛ? ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ በእውነት ያስተምራል?

ፊዚክስ ከደነባ

ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች። መምህራንም፣ ወላጆችም፣ ተማሪዎችም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ደነባ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የአካባቢያችን ተወላጆች ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ እያዋጡ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ኮሚቴው ውስጥ ግን ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፣ ስማርት ቦርድ (በጣት እየተነካ የሚሠራ ትልቅ ስክሪን) እና ታብሌት ይገዛ» ይላል። ግማሹ «ልጆቹ መጽሐፍ ሳይኖራቸው የምን ታብሌት ነው፣ መጽሐፍ ይባዛ» ይላል። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

ቴክኖሎጂ ሲገባ ተማሪው የበለጠ ሲማር በዓይናችሁ አይታችኋል? ደስ አላቸው ወይ አይደለም የምጠይቀው። ደስማ ይላቸዋል። ገባቸው ወይ? ከወር በኋላ ቢጠየቁ ይመልሳሉ ወይ?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ከአሥር ልጆች ዘጠኙ እየቀሩ ነው። ይቺ ገንዘብ እንድትባክን አልፈልግም።

ጡረተኛው መምህር ከመሐል ሜዳ

መምህር፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። እኔ መንዝ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፕላዝማ ሲገባ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

1997 ዓ.ም. ነው። በየሁለተኛ ደረጃው ዲሽ ተተከለ። ክፍል ውስጥ ትልልቅ ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ያለውም፣ መንዝ ያለውም ልጅ እኩል ይማር ነው። ይህን የተመኘ ሰው አልወቅስም።

ክፍል ውስጥ የሆነውን ግን ልንገርህ። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህሉን ፕላዝማው ይወስደዋል። ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፋለች። በቴሌቪዥኑ የምታስተምረው ሴት ጥያቄ ታወጣለች፣ «አሁን ሥሩ» ትላለች። ልጆቹ ጥያቄውን ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይወጣል። እስክሪብቶ የሚያስቀምጠው ብዙ ነው። ኋላ ወንበር ያለች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ኤክሷ ከየት መጣች?» ስትለኝ ፕላዝማው ሌላ ምሳሌ ጀምሯል። እሷን ልመልስላት ስል የክፍሉ ሌሎች ልጆች አዲሱ ያመልጣቸዋል። ዝም ካልኩ እሷ እዚያው ቀረች። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ የዚያን ዕለት ትምህርት አጣነው ማለት ነው። ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ነው።

እንግሊዝኛው ገና ያልጠናለት የ9ኛ ክፍል ልጅ ይህን እንዴት ይከተል? ትልቁ ጉዳት መምህሩ «ቆይ» ማለት አለመቻሉ ነበር። የምትገዙትን ዕቃ ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። መምህሩ ማስቆም ይችላል? ወደ ኋላ መመለስ ይችላል?

የጣርማበር ልጅ

ጋሼ፣ በአክብሮት ትንሽ ልቃወምዎት። እኔ የፕላዝማ ተማሪ ነበርኩ።

ትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፣ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነው የሚቀመጥበት። የኬሚስትሪ መምህራችን ተዛውረው ምትክ ሳይመጣ ረጅም ጊዜ ቆየን። ያኔ ፕላዝማው ባይኖር ኬሚስትሪ የሚባል ነገር አልማርም ነበር። ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲጣል እየተንጫጫ ሲሽከረከር ያየሁት በፕላዝማ ነው። ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን በቃሌ እሸመድደው ነበር። ስላየሁት አልረሳሁትም። ዛሬ በጤና ሙያ ነው የምሠራው፤ የጀመረኝ ያ ነው።

እንግሊዝኛ ጆሮዬም የተከፈተው በዚያ ነው። ስለዚህ ፕላዝማ ሁሉ ከንቱ ነበር ሲባል አልስማማም።

እውነቱን ለመናገር ግን የተከተልነው ጥቂቶች ነን። አብሮኝ የተቀመጠው ልጅ ከእኔ አያንስም ነበር፤ 10ኛ ላይ ቀረ። ባዮሎጂ ላይ ግን ሁላችንም ደህና ነበርን። ለምን ብትሉኝ፣ መምህራችን ፕላዝማው እየሄደ ጀርባ ቆመው ምን እንዳመለጠን ይጽፉ ነበር። ቅዳሜ ጠርተው ያችን ብቻ በአማርኛ ያስረዱን ነበር።

ጡረተኛው መምህር ከመሐል ሜዳ

ልጄ፣ ሶዲየሙን አልክድህም። እኔ በጠመኔ ያን አላሳይህም ነበር። የባዮሎጂ መምህራችሁንም እግዚአብሔር ያክብራቸው። ቅዳሜን የሰጡት ከራሳቸው ጊዜ ነው።

እናት ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት

እኔ መምህር አይደለሁም። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። ስለ ስማርት ቦርድ አላውቅም። ስለ ስልክ ግን ልናገር።

ካሪኩለሙ ሲቀየር መጽሐፍ አልደረሰም ተባለና ፒዲኤፍ በቴሌግራም መጣ። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፣ የእኔ። ስለዚህ መጽሐፏ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ክፍል አይገባም። መምህሩ «ገጽ ይህን አውጡ» ሲል ልጄ የምታወጣው ነገር የላትም።

ማታ ላይ ተራ ይዘው ያነባሉ። ስክሪኑ ጠባብ ነው። ፊደሉን ሲያሰፉት ሰንጠረዡ ግማሹ ከስክሪን ይወጣል። ጥያቄው አንድ ገጽ ላይ፣ ሥዕሉ ሌላ ገጽ ላይ ይሆንና ወደላይ ወደታች ሲሉ ያመሻሉ። መሀል ላይ ስልክ ይደወላል። ወይ መልእክት ይገባል። ወይ ትንሿ ቲክቶክ ትከፍታለች፣ ልጅ ናት። አባታቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የሒሳቡን ሁለት ምዕራፍ አስባዛ። ልጄ ወረቀቱን አጥፋ፣ በእርሳስ አስምራበት፣ ጠርዙ ላይ ሠርታበት አሁን ቀለሙ ጠፍቷል። በስልክ ያነበበችውን ምዕራፍ እንዲህ አልያዘችውም።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ዳታ ሲቋረጥማ ያልወረደ ፒዲኤፍ አለቀለት። ያን ጊዜ የደረስንበትን አንርሳ።

ደነባ ላይ ላሉት ኮሚቴዎች የምለው ልጆቹ መጀመሪያ መጽሐፍ ይያዙ ነው።

ኮደር ከአረርቲ

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጆቹን ለምን ትንቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ አገራችን፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ተሰጣቸው። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። አምስት ወር ሳይሞላ እንዳይሠራ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ዓለም ሁሉ ነው ያወራው።

እኔ ራሴ ኮዲንግ የተማርኩት በስልክ ከዩቲዩብ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፊኬትም ይዣለሁ። መምህር እስኪመጣ ብጠብቅ ዛሬም አላውቅም ነበር። ታብሌት ስጧቸውና እዩ።

አጥኚ ከደብረ ብርሃን

የአረርቲው ወንድሜ፣ የወንጪው ታሪክ እኔንም ያኮራኛል። ግን ካሜራ መክፈትና ክፍልፋይ መደመር የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን ይዞ አይመጣም።

ይህን በደንብ ያየችው ፔሩ ናት። የፔሩ መንግሥት በብዙ ሺህ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለልጆች ላፕቶፕ አደለ። የወንጪውን ታብሌት ያመጣው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ድርጅት ነው ላፕቶፑን ያዘጋጀው። 319 ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት ተደረገ፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ልጆቹ ላፕቶፑን መጠቀም ችለዋል። በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ካልተሰጣቸው ልጆች አልተለዩም። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦኢሲዲ የሚባለው የሀብታም አገሮች ድርጅት የአገሮችን ውጤት አይቶ፣ ለኮምፒውተር ብዙ ያወጡት አገሮች በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም አለ። ስዊድን በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ በጀት መመደብ ጀምራለች።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን እውነቱን አጎደልን። ዴልሂ ውስጥ ማይንድስፓርክ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ጥናት ተደርጓል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆቹ እየመጡ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ፣ ከዚያ በትንሽ ቡድን ረዳት መምህር ያግዛቸዋል። በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም በጣም ተሻሻሉ። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ ይፈትሻል። የ6ኛ ክፍሉ ተማሪ በሒሳብ በአማካይ ሁለት ክፍል ተኩል ያህል ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ተገኘ። ሶፍትዌሩ ከዚያው ነው ያስጀመረው።

የእኛም ችግር ይኸው ነው። 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማካፈል ካልጠናለት፣ ስማርት ቦርድ ላይ የሚያበራ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ምን ያደርግለታል? ሰሌዳው ተቀየረ እንጂ እሱ ያለበት ቦታ አልተነካም።

ኮደር ከአረርቲ

እሺ፣ ይሄኛው ገባኝ። ግን ከኮሚቴው ገንዘብ ትንሽም ቢሆን ለልጆቹ እጅ የሚደርስ ነገር ይኑር። መምህር ብቻ የሚነካው ማሽን አልወድም።

12ኛ ተማሪ

ሁላችሁም ስለ እኛ ታወራላችሁ፣ እኛም እንናገር።

እኔ ከገጠር መጥቼ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ስንቅ በሳምንት ከቤት ይመጣል፣ በሶና ድርቆሽ። ማታ በዩቲዩብ ነው የማጠናው። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ሲያስረዳ ሁሉም ነገር ይገባኛል። «ይቺ ቀላል ናት» እላለሁ። ጠዋት ወረቀት ይዤ ስቀመጥ አንዱም አይመጣልኝም። ቻትጂፒቲም እንደዚያው ነው። መልሱን ካየሁት በኋላ ራሴን ማስጨነቅ አቆማለሁ። ጥፋቱ የኔ ይሁን የቪዲዮው አላውቅም።

ሌላው ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናው በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ማውዝ ይዘን የማናውቅ ልጆች አለን። ይሄ እኩል ነው ወይ?

አጥኚ ከደብረ ብርሃን

ጎበዝ ነህ፣ ራስህን በደንብ አይተሃል። ይህ በአንተ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ሞክረውታል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ዘግቶ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ደጋግሞ ያነበበው 40 በመቶ፣ ዘግቶ የጻፈው 61 በመቶ አስታወሰ። ስለዚህ ቪዲዮውን እይ፣ ግን ስልኩን ደፍተህ ያየኸውን ጻፍ። ያልመጣልህ ቦታ ላይ ብቻ ተመልሰህ ክፈት። ቻትጂፒቲንም መልስ አትጠይቀው። ጥያቄ አውጣልኝ በለው።

አይሲቲ ከሞላሌ

የተማሪው ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይታለፍ። ሁለት ነገር እየቀላቀልን ነው። በኮምፒውተር ሒሳብ መማር አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተርን ራሱን መማር ሌላ ነው። ሁለተኛውን ያለ ኮምፒውተር ማስተማር አይቻልም።

እኔ ኪቦርድ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። «ኢንተር የት ናት?» ስላቸው በትክክል ይጠቁማሉ። አንድ ቀን ግን ነክተዋት አያውቁም። ኮምፒውተር ስለሌለ ነው እንዳትሉ፣ አለ። በእርዳታ የመጣ ሞልቷል። ክፍሉ ቁልፍ ነው። «ይበላሻል» ይባላል። ስቶር ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው የሚበላሸው። የተበላሸውን የሚጠግን ሰው ደመወዝ አልተመደበለትም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ዩፒኤስ ባትሪው ሞቷል። መብራት ብልጭ ሲል ፓወር ሳፕላዩ ይቃጠላል።

ስለዚህ ኮሚቴው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ሰው ይሰይም። ቁልፍ የሚይዝ፣ የሚጠግን፣ በየዓመቱ ለጥገና ገንዘብ የሚያወጣ። እነዚህ ከሌሉ አትግዙ።

የደብረ ሲናዋ ቲቸር

የደነባው ወንድሜ፣ «በዓይናችሁ አይታችኋል?» ብለሃል። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

ፌት የሚባሉ ነፃ ሲሙሌሽኖች (ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) አሉ። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያዘጋጃቸው። ካርል ዊማን የሚባሉ የኖቤል ተሸላሚ ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ነው። አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በብራውዘር ይከፈታል። እኔ የምጠቀመው አንድ የራሴ ላፕቶፕና አንድ የትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ ሰርኪት ሳስተምር አንድ ባትሪና አንድ አምፖል አሳያለሁ። በራ። ከዚያ እጄን ከማውዙ አነሳለሁ። «ሌላ ተመሳሳይ አምፖል በሲሪስ፣ ማለትም በአንዱ ሽቦ ላይ በተርታ፣ ብጨምር ምን ይሆናል? መልሳችሁን ጻፉ» እላለሁ። አብዛኛው ልጅ የሚጽፈው «የመጀመሪያው እንደነበረ ይበራል፣ ሁለተኛው ይደበዝዛል» የሚል ነው። ከረንቱን (በሽቦው የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ) የመጀመሪያው ይጨርሰዋል ብለው ያስባሉ። ይህን ስህተት በጠመኔ ለዓመታት ሳስተምር አላየሁትም፣ ምክንያቱም ፎርሙላውን ሁሉም ይጽፈዋል። ቪ እኩል ነው አይ ሲባዛ አር (ቮልቴጅ እኩል ነው ከረንት ሲባዛ ሬዚስታንስ) ብሎ የሚጽፈው ልጅ ነው ይህን የሚያስበው።

ከዚያ ከጎን ካለው ልጅ ጋር ተከራከሩ እላለሁ። በአማርኛ ነው የሚከራከሩት። ክፍሉ ገበያ ይሆናል። እጅ አስወጣለሁ፣ የየመልሱን ደጋፊ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ጠቅ የማደርገው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ። «አሃ!» የሚለው ድምፅ ያኔ ይመጣል። «ለምን?» ስል አሁን ፎርሙላውን ይፈልጉታል። ሬዚስታንሱ እጥፍ ሆነ፣ ከረንቱ በግማሽ ቀነሰ። የእያንዳንዱ አምፖል ፓወር ደግሞ ብቻውን ከነበረው ሩብ ሆነ። ከረንት የሚለካውን አሚተር ከአምፖሉ በፊትም በኋላም አስገብቼ አሳያቸዋለሁ፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ምንም ያለቀ ከረንት የለም።

ፓራለሉን (አምፖሎቹ ጎን ለጎን በየራሳቸው ሽቦ ሲገናኙ) ራሳቸው ይገምታሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖል አከፋፍላቸዋለሁ፣ በእጃቸው ይሠሩታል። መብራት ሄዶ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋም የምቀጥለው በዚያ ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ያችኑ ጥያቄ ሳልነግራቸው ፈተና ላይ አስገባኋት። ያለሲሙሌሽን ካስተማርኳቸው ተማሪዎች በጣም የተሻለ መለሱ።

ሲሙሌሽኑን ዝም ብዬ ካሳየኋቸው ግን እንደ ፊልም አይተው ይወጣሉ። ሞክሬዋለሁ። ሥራው ያለው ከጠቅታዋ በፊት ያለው ግምትና ክርክር ላይ ነው።

አጥኚ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ይህ አካሄድ በደንብ የታወቀ ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ለዓለም አስተዋውቀዋል። አንቺ ደብረ ሲና ላይ ማድረግሽ ግን ከሁሉ በላይ ደስ አለኝ። ጊዜ ካለሽ ለሌሎች መምህራን አሳዪ።

ጡረተኛው መምህር ከመሐል ሜዳ

ልጄ ተባረኪ። «እጄን ከማውዙ አነሳለሁ» ያልሽው እኛ በፕላዝማ ጊዜ ያጣነው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ለማድረግ ስማርት ቦርድ ያስፈልጋል?

የደብረ ሲናዋ ቲቸር

አያስፈልግም ጋሼ። ስማርት ቦርድ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ፕሮጀክተር ከክፍል ክፍል ይዞራል። ግድግዳው ነጭ ከሆነ ስክሪንም አይፈልግም። ቀን ብርሃን ይበዛል፣ መስኮቱን በጨርቅ እንሸፍናለን። የመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ስታብላይዘር ግን ያለ ጥርጥር ግዙ።

እናት ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄን አንቺ ብታስተምሪያት ተመኘሁ። መጽሐፉ ግን እንዳይረሳ።

ፊዚክስ ከደነባ

አይረሳም እትዬ። ያሉት ሁሉ የእኔም ተማሪዎች ቤት ያለ ነው።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለኮሚቴው ይዤ የምሄደው ይህን ነው። ከገንዘቡ የሚበዛው የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለማባዛት ይዋል። ለሁለት ልጅ አንድ እንኳ ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ፕሮጀክተር፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ስታብላይዘርና አንድ ካርቶን የባትሪ ድንጋይና አምፖል ይገዛ። ስማርት ቦርድና ታብሌት ይቅር። ስቶር የተቆለፉት ኮምፒውተሮች ይፈተሹ፣ የሚነሱት ይነሱና የ12ኛ ልጆች ማውዝና ኪቦርድ ይለማመዱባቸው። የአረርቲው ወንድሜ፣ ለልጆቹ እጅ የሚደርሰው ይሄ ነው። ክረምት ላይ መጥተህ ብታስተምራቸው ማደሪያ ከኛ ነው።

የሞላሌው፣ ጥገናውን ለማን እንስጥ?

አይሲቲ ከሞላሌ

ከከተማችሁ ሞባይልና ኮምፒውተር ከሚጠግኑት ወጣቶች ከአንዱ ጋር ውል ያዙ። በወር አንድ ቀን ይምጣ። የተበላሸ ኖረም አልኖረም ይከፈለው። የመጀመሪያውን ፍተሻ እኔ መጥቼ አብሬው እሠራለሁ።

ኮደር ከአረርቲ

ክረምት እመጣለሁ። ቃሌ ነው። ኮሊብሪ የሚባል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌርም አለ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቱ ይጫናል፣ ሌሎቹ በገመድ ወይም በዋይፋይ ከእሱ ያነባሉ። ጭኜ አመጣላችኋለሁ።

ፊዚክስ ከደነባ

የደብረ ሲናዋ እህቴ፣ ሲሙሌሽኖቹን እንዴት ላግኝ? የእኛ ኔትወርክ ለማውረድ አይሆንም።

የደብረ ሲናዋ ቲቸር

ቀላል ናቸው፣ ብዙዎቹ ጥቂት ሜጋባይት ናቸው። ፍላሽ ላይ አድርጌ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሰው እልካለሁ፣ መነኸሪያ ተቀበል። የ9ኛና የ10ኛውን በየምዕራፉ ከፋፍዬዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጋር የምጠይቃቸው ጥያቄዎች በአማርኛ ተጽፈዋል፣ ከሲሙሌሽኑ በፊት እነሱን አንብብ። ጽሑፎቹን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ፈቃደኛ መምህር ፌት ይቀበላል። ሁለታችን ብንከፋፈል ሰርኪቱን መጀመር እንችላለን።

12ኛ ተማሪ

ቲቸር፣ ጥያቄዎቹን ብቻ ለእኛም መላክ ይቻላል? ላፕቶፕ የለኝም፣ ግን ገምቼ ከጓደኞቼ ጋር እንከራከራለን።

የደብረ ሲናዋ ቲቸር

ይቻላል። ዛሬ ማታ ሰርኪቱን እዚሁ እለጥፋለሁ። መልሱን ግን አሁን አልልክም፣ መጀመሪያ የጻፋችሁትን አሳዩኝ።